የሴቶቹ ክፍል ድምፅ በእጄ ሳለ

በሳዑዲ፣ በኮበርና በደማም መካከል፣ ማይክሮፎን ከእኔ የተሻለ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ የሚያውቁኝን ይጠይቅ። ስሜ ሰይድ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዱን እያበላሸሁ፣ አብዛኛውን ግን ከመጀመሪያው አሳምሬ እየገጠምኩ።

ሳዑዲ የገባሁት በሹፌርነት ነው። የመጀመሪያው ካፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ ቤት ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ማዳም ስትበሳጭ ሠራሁላት። ቀጥሎ የጎረቤቱ ዲሽ መጣ። ቀጥሎ የሰፈሩ መስጊድ ድምፅ ማጉያ። እሱን የሠራሁ ቀን ስሜ ወጣ፤ ሲያፏጭ የኖረው አዛን ጠርቶ ሲሰማ ሰዎች ከመስጊድ ወጥተው «ማነው የሠራው?» ይሉ ጀመር። ከሰጋጆቹ አንዱ ኮበር ውስጥ ባለች ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ይሠራ ነበር። ካፊሌን አናግሮ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዛወረልኝ። ሹፌር ሆኜ ገብቼ ዩኒቨርሲቲ የቀረሁ ሰው ከእኔ ሌላ አላየሁም።

ስለ ደመወዝ አላወራም። በወሩ ይገባ ነበር፤ ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፤ ኸላስ።

ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። በዩኒቨርሲቲያችን ወንዶች በአንድ ሕንፃ፣ ሴቶች በሌላ ሕንፃ ይማሩ ነበር። ሴት አስተማሪ ያልተገኘለት ትምህርት ሲሆን ወንዱ ዶክተር በእኛ ሕንፃ ካሜራ ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ሴቶቹ በእነሱ ሕንፃ በስክሪን ያዩታል። እሱ ግን አያያቸውም። በሴቶቹ ክፍል ካሜራ የሚባል ነገር የለም። መጠየቅ የፈለገች ተማሪ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭና በማይክ ትናገራለች፤ ዶክተሩ የሚደርሰው ድምፅዋ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚያልፈው መስኮት በሌለው በእኔ ክፍል በኩል ነው። ተማሪዎቹ አቡ ሰልክ ይሉኝ ነበር፤ የሽቦ አባት ማለት ነው። ስሙን ወድጄዋለሁ።

በዚያ ሽቦ ያልሰማሁት የተማሪ ኑሮ የለም። ከትምህርቱ ሩቡን የቀረ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም የሚል ደንብ አለ፤ ሒርማን ይሉታል። ሒርማን የሰው ስም ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቹ በድንጋይ ይወግሩት ነበር። እና ዶክተሩ ስም ሲጠራ ሴቶቹ በማይክ «ሐዲራ»፣ አለሁ ማለት ነው፣ እያሉ ይመልሳሉ። አንዲት የጁበይል ልጅ ለራሷ በቀጭኑ፣ ለጓደኛዋ በወፍራሙ፣ ለሦስተኛዋ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆና ትመልስ ነበር። ዶክተሩ «አላህ ያሽርሽ፣ አሁንም አልተሻለሽም?» ሲላት እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። የእያንዳንዷን ድምፅ ለይቼ አውቅ ነበር። ነገር ግን ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ምክንያቱም ሥራውን ያሳዩኝ ሰው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

እሳቸው ኡስታዝ ኢድሪስ ናቸው፤ ሱዳናዊ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከጉሮሮ በታች የሚመጣ። ራሴን ያስተማርኩ ነኝ ብያለሁ፤ እውነት ነው። ኡስታዝ ኢድሪስ ኤሌክትሪክ አላስተማሩኝም፤ እሱን ይዤው ነው የሄድኩት። እሳቸው ያሳዩኝ አመል ነው። ወደ መገናኛው ክፍል ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የጫማ ኮቴ ጆሮ ያደክማል ይላሉ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ይቆሙና ያዳምጣሉ። እኔ ዘልዬ ቁልፍ ልነካ ስል፦

«እጅ ወደኋላ፣ ያ ሰይድ። ሽቦው ምን እንዳለ ሳትሰማ ምን ልትመልስለት ነው?»

ጠዋት ጠዋት መስመሩን ሲሞክሩ እንደሌላው ባለሙያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አያስብሉም። በሴቶቹ በኩል ያለችውን ተቆጣጣሪ፣ ኡሙ ኻሊድን፣ በስልክ ጠርተው ማይኩ ፊት ያስቀምጧትና ቁርስ ምን እንደበላች ይጠይቋታል።

«ፉል» ትላለች።

«በምን?»

«በዘይት፣ በከሙን፣ በሽንኩርት። ደግሞ ይህን ጥያቄ ለሚስትህ ለምን አታቀርብም?»

«ሚስቴ ማይክ የላትም።»

ኡሙ ኻሊድ ትስቃለች፤ ሳቋ ሲመጣ ኡስታዝ ድምፁን ያስተካክላሉ። «ክፍል ውስጥ ማንም አንድ ሁለት አይልም። ሰው ሲያወራ የሚሰማው ሌላ ነው» ይሉኝ ነበር። ሴት ተማሪዎች መስመሩ የተዘጋ መስሏቸው ሲያወሩ ከሰማን ደግሞ ቶሎ ይዘጉና ወደ እኔ ዞረው ጆሯቸውን ይነካሉ። ከትምህርቱ ሌላ የሰማኸው ያንተ አይደለም ማለታቸው ነው።

ጡረታ ወጥተው አል ፈይሰሊያ ሰፈር ከልጃቸው ጋር መኖር ሲጀምሩ ክፍሉ ለእኔ ሆነ። እኔም እሳቸው ያልሠሩትን ሠራሁ። በእሳቸው ጊዜ መስመሩ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እምም የሚል ነገር ይሰማ ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣው ነው፣ ወንበሩ ነው፣ ወረቀቱ ነው። እኔ በየማይኩ ላይ ሰው ሲናገር የሚከፍት፣ ዝም ሲል የሚዘጋ መሣሪያ ገጠምኩ። በረኛው እለዋለሁ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ፈታሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስመሩ ላይ ንግግር ካልሆነ ጉንዳን አያልፍም ነበር። የሪያድ ሰዎች መጥተው አዳምጠው «ይህን ማን ሠራው?» ብለዋል። እኔ ነኝ አልኩ።

አሁን ወደ ኢክራም ልምጣ፤ ብዕር ያነሳሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ኢክራም የአገሬ ሰው የሲስተር ዘይነባ ልጅ ናት። ዘይነባ ኮበር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጅቷን ብቻዋን አሳደገች። ኢክራም እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዓረብኛዋም እንግሊዝኛዋም አማርኛዋም የጠራ ልጅ ናት። ችግሩ አፏን ይይዛታል። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ከንፈሯ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ይቆማል። አስተማሪዎቿ ይህን አያውቁም ነበር። እንዴት ያውቃሉ? በመስመሩ የማትጠይቅ ተማሪ ለዶክተሩ ስም ብቻ ናት። ስም ሲጠራ «ሐዲራ»ን በአንድ ትንፋሽ ታወጣዋለች፤ ሌላውን ሁሉ በኢሜይል ትጽፋለች። የምትጽፈው ጥሩ ስለነበር በነፃ ትምህርት ዕድል ነበር የምትማረው።

ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው ከደማም ሁለተኛው ኢንዱስትሪ ከተማ ሠራተኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶችን ነው። እናቷ የምትሠራበት ሆስፒታል በበጋ ሙቀት ራሱን የሳተ ሠራተኛ ሲገባ እያየች ነው ያደገችው። ሁሉም ሰው የሥራውን ቦታ ሙቀት ይለካል፤ ሠራተኛው ወደ ማደሪያው እስኪደርስ የሚቀመጥበትን አውቶቡስ ግን ማንም አልለካም አለች። ሴት ልጅ በዚያ አውቶቡስ ልትሳፈር አትችልም። ስለዚህ ሙቀት የሚመዘግቡትን ትናንሽ መሣሪያዎች እኔ ወሰድኩላት። ሹፌሩ የወሎ ልጅ ስለነበረ አላስቸገረኝም። የት የት እንደማስቀምጥ በስልክ እየጻፈች ነገረችኝ፤ እኔም ከየወንበሩ ሥር አሰርኳቸው። ቋጠሮዬ አንዱም አልተፈታም።

በዩኒቨርሲቲው ደንብ ተማሪው ጥናቱን በቃል ማስረዳትና ለፈታኞች ጥያቄ መመለስ አለበት። የሴቶቹ በመስመር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የጥናቱ ሰንጠረዥና ግራፍ ይታያል፣ ከእሷ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው። ከቀኑ በፊት ኢክራም ቤታቸው ስሄድ በር ላይ ያዘችኝ።

«አባባ ሰይድ፣ አ... አይንገሩብኝ።»

«ምኑን?»

«አፌን።»

ቃል ገባሁላት።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ዮርዳኖሳዊው ዶክተር ፈውዚ፣ ጥናቱን ያማከሯት ግብፃዊው ዶክተር ሐምዲ፣ ሦስተኛው ወጣት ሳዑዲያዊ ዶክተር። የመግቢያ ንግግሯን በቃሏ አጥንታው ስለነበር እንደ ውኃ ፈሰሰ። ዶክተር ሐምዲ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዶክተር ፈውዚ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ «ለምን አውቶቡስ መረጥሽ?»

ዝም።

«ኣሎ? ቢንቲ፣ ልጄ፣ ትሰሚናለሽ?»

«አ...»

«ኣሎ! ኣሎ! መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ።»

እንደገና ዝም። ዶክተር ፈውዚ ወደ ክፍሌ ደወሉ፤ በዓረብኛ አጎቴ ነው የሚሉኝ። «ያ ዐም ሰይድ፣ መስመርህን እየው።»

እጄን ወደኋላ አድርጌ አዳመጥኩ። የእሷ ቁልፍ መብራት ፊቴ በርቷል፤ ይዛዋለች። ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ኃይሉ ጤነኛ ነው፣ ማይኩ ጤነኛ ነው።

«መስመሩ ሰላም ነው፣ ዶክተር። የእኔ መስመር ተቋርጦ አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ።»

«እንግዲያው የማትመልሰው ስለማታውቅ ነው።»

ያኔ ነው የተናገርኩት ወዴት እንደሄደ የገባኝ። መስመሩ ተበላሽቷል ብል ቀጠሮ ይለወጥላት ነበር። መስመሩ ሰላም ከሆነ ግን ዝምታው የእሷ ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ነበር የተናገርኩት።

ሌላ ሁለት ጥያቄ ጠየቋት። በየመሀሉ ኣሎ፣ ኣሎ። አንዴ ግማሽ ቃል መጣ፤ እሱንም በረኛው አፏ ላይ ዘጋባት። ዶክተር ፈውዚ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዩኒቨርሲቲው ማዶ ባሉ ሱቆች ለተማሪ ጥናት የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል።

«ይህን የጻፈ ሰው ለምን አውቶቡስ እንደመረጠ አያጣውም» አሉ። «ጥናቱ የተገዛ ነው ብዬ እሰጋለሁ።»

ደወልኩ። «ዶክተር፣ ጥናቱ የእሷ ነው። መሣሪያዎቹን እኔ በእጄ...»

«ያ ዐም ሰይድ፣ የተጠየቅከው ስለ መስመሩ ነው። ሹክረን።»

በቁጣ አልነበረም። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ግን የሠራተኛ ምስክርነት በፈተና ወንበር ላይ ቦታ የለውም። ዶክተር ሐምዲ ተከራክረው አንድ ዕድል አስጨመሩላት። በሁለተኛው ቀጠሮ ካላስረዳች ነገሩ ለዲሲፕሊን ጉባኤ ይተላለፋል። የተገዛ ጥናት ያቀረበ ተማሪ ይባረራል፤ ነፃ ዕድሉም አብሮ ይሄዳል፤ ስሙም በሌላ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቀድሞት ይደርሳል።

ቤታቸው ስሄድ ዘይነባ የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ አንተ እዚያው ነበርክ አይደል? አፍህን ከፍተህ ‹ልጅቷ አፏን ይይዛታል› ማለት አቃተህ?»

«ቃል ገብቼላት ነበር።»

«ቃል! ልጄን ሌባ ሲሏት ቃል ትጠብቃለህ?»

«መስመሩ ሰላም ነበር፣ ዘይነባ» አልኩ።

«መስመርህን ይዘህ ገደል ግባ! ነገ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የሐኪም ወረቀት አስጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ነው የምጥለው።»

ኢክራም ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «እማ፣ ኸ... ኸላስ። ከነገርሻቸው ያዝኑልኛል። አዝነው ያ... ያሳልፉኛል። ጥናቴን ማንም አይሰማውም። እኔ የምፈልገው እንዲሰሙት ነው።»

እናቷ ተቀመጠች። ኢክራም ወደ እኔ ዞረች፤ ከእኔ ጋር ስታወራ አፏ ያን ያህል አይይዛትም።

«አባባ፣ ፊት ለፊት የማወራው ሰው ዝም ስል ይጠብቀኛል። እነሱ ግን ልናገር ስል ይ... ይጠሩኛል። ኣሎ ሲሉኝ የያዝኩት ቃል ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ለምንድነው የማይጠብቁኝ?»

ጥያቄዋን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ አል ፈይሰሊያ ሄድኩ። ኡስታዝ ኢድሪስ አንዱ ጆሯቸው ደክሟል፤ ጤነኛውን ወደ እኔ አዙረው ሁሉንም ሰሙኝ። ቃሌን ጠብቄ የልጅቷን ስም አልተናገርኩም፤ አንዲት ተማሪ አልኩ። እስክጨርስ አንድም ቃል ጣልቃ አላስገቡም።

«ዝም ስትል በመስመሩ ምን ይሰማ ነበር?»

«ምንም!» አልኩ፤ መቼም የእኔ ሥራ ነው። «አንድም እምምታ የለም። እርስዎ ከተውልኝ መስመር ጋር አይገናኝም፣ ኡስታዝ። አጥርቼዋለሁ።»

«ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበረ?»

«እሷ ነበረች። ኡሙ ኻሊድም አለች።»

«ሁለት ሰው ያለበት ክፍል ምንም አይሰማበትም?»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«ያ ሰይድ፣ ሰው ቃል ሲፈልግ ይተነፍሳል። ይንቀሳቀሳል። ወንበሩ ይጮኻል። ያን የሰማ ሰው ‹አለች፣ እያሰበች ነው› ብሎ ይጠብቃል። አንተ እስትንፋሷን ቆረጥከው። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? ጆሯቸው ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ነው ያለው፤ ኣሎ ይላሉ።»

«እርስዎ ያን እምምታ የተዉት አውቀው ነው እንዴ? እኔ እኮ ማጥፋት ያቃተዎት መስሎኝ...»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ማጥፋት አቃተው ብለህ ነው በየሻይ ቤቱ የምታወራው? ልጄ ነግሮኛል።»

ሻዩን ትቼ ተነሳሁ። ነገሩ የገባኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ነው፤ ፈጣን ነኝ። ለመቀበል ግን አል ባዲያ ያለው ቤቴ እስክደርስ ወሰደብኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያ መስመር ነበር።

በነጋታው በረኛውን ፈታሁት። መፍታት ብቻ አልበቃም። ማይኩ ለንግግር የተስተካከለ ስለሆነ እስትንፋስ አይደርስበትም፤ ድምፁን ከፍ ካደረግክ ደግሞ ማቀዝቀዣው ሁሉንም ይውጠዋል። እኔ ወደ ሴቶቹ ሕንፃ መግባት የምችለው ተማሪ ሳይኖር ነውና ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ፣ ማይኩን ራሴ ሄጄ ዝቅ አድርጌ፣ ጨርቅ አንጥፌበት፣ ወደ ተማሪዋ ደረት አቅጣጫ አዞርኩት። ሁለተኛ ማይክ ከወንበሩ አጠገብ አደረግኩ። ከዚያ ተመልሼ ለኡሙ ኻሊድ ደወልኩ።

«ቁርስ ምን በላሽ?»

«አሁንም ፉል ነው። ሁለታችሁም ምግብ የማታውቁ ሰዎች...»

«አሁን ዝም በይ።»

«ምን አልክ?»

«ማይኩ ፊት ተቀመጪና ዝም በይልኝ። አስቢ ብቻ።»

«ስለምን ላስብ?»

«ስለፈለግሽው።»

ዝም አለች። በሥራ ዘመኔ ስንት ነገር ሞክሬአለሁ፤ ዝምታ ስሞክር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ በትንሽ አስተካከልኩ። መጀመሪያ ማቀዝቀዣው መጣ፤ ቀነስኩት። ቀጥሎ የዓባያዋ ጨርቅ ሲንሸራተት። ከዚያ ትንፋሿ፤ ገባ፣ ወጣ፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምን አሰብሽ?» አልኳት።

«ልጄን» አለች፤ ኻሊድን ነው። ሌላ አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ሲጀመር ዶክተር ፈውዚ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እኔ በካሜራው አያቸዋለሁ።

«ያ ዐም ሰይድ፣ ዛሬ መስመርህ ላይ ድምፅ አለ።»

«አለ፣ ዶክተር። ክፍሉ ነው።»

«ክፍሉ ምን ያደርግልናል?»

«ሰው አለበት።»

ትከሻቸውን ሰበቁና ተዉት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ወጣቱ ዶክተር ጠየቀ፦ «መሣሪያዎቹን ከኋላ ያበዛሽው ለምንድነው?»

የቁልፏ መብራት በራ። ቃል የለም። ዶክተር ፈውዚ ወደ ማይካቸው ጎንበስ አሉ፤ አፋቸው ለኣሎ ተከፈተ። ያኔ በመስመሩ ላይ ትንፋሽ ተሰማ፤ አጭር፣ የተያዘ፣ እንደገና የተሳበ። ወንበሩ ተንቋቋ። ዶክተር ሐምዲ እጃቸውን አነሱ። ዶክተር ፈውዚ አፋቸውን ገጠሙ። እኔ እጄን ወደኋላ አድርጌ ቆሜአለሁ።

ጠበቁ። የሰው ትንፋሽ እየሰማ የማይጠብቅ ሰው የለም።

«አ... አዲስ የመጡት» አለች ኢክራም፣ «ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ፊት ማቀዝቀዣ ስላለ ነ... ነባሮቹ ይይዙታል። የኋላው ወንበር ሞተሩ ላይ ነው። ሙቀቱን ገና ያ... ያልለመደው ሰው ነው በጣም የሚሞቀው ላይ የሚቀመጠው። ስለዚህ ከኋላ አበዛሁ።»

ይህ በጽሑፉ ውስጥ ያለ ነው፣ ግን ከሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። ወጣቱ ዶክተር ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሦስተኛም። አሁን የሚጠይቀው ሊፈትናት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ከየጥያቄው በኋላ ትንፋሽ፣ ወንበር፣ ከዚያ መልስ። ዶክተር ፈውዚ ነገሩ ገብቷቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሉ፦

«ቢንቲ፣ ከፈለግሽ ጥያቄውን ጽፈን እንላክልሽና ጽፈሽ መልሺልን።»

ረጅም ትንፋሽ መጣ። ከሁሉም የረዘመ።

«አ... አይሆንም፣ ያ ዶክተር። ስ... ስሙኝ።»

ሰሟት። የተመደበው ሰዓት አለፈ፤ ማንም ሰዓቱን አላየም። ሲጨርሱ ዶክተር ፈውዚ ተነስተው ቆሙ፤ እሷ ብታያቸውም እሳቸው አያዩዋትም፣ ግን ቆሙ። «በአንቺ ላይ የጻፍኩትን ዛሬ እሰርዛለሁ» አሏት። በሴቶቹ በኩል የኡሙ ኻሊድ እልልታ ማይኩን ሊሰብረው ነበር። በረኛ አልነበረማ።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ፈውዚ ክፍሌ ድረስ መጡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ስለ መስመሩ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው። በኋላ በዲፓርትመንቱ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ገባ፦ ፈታኝ ተማሪዋ ጨርሻለሁ እስክትል ድረስ አይጠራት፤ በቃል መመለስ የሚከብደው ተማሪም ሰዓት ይጨመርለት። የተጻፈው በዶክተሮች ቋንቋ ነው። ሐሳቡ ግን ከየት እንደመጣ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። ዶክተሮቹ ሴቶቹ ክፍል ገብተው ፊት ለፊት ያስተምራሉ፤ ጥናትም ፊት ለፊት ነው የሚቀርበው። ጥሩ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም። የመገናኛው ክፍል የካፊቴሪያው ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። እኔም ዕድሜዬ ደርሷል፣ ኹሩጄ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ተመትቷል፣ ሻንጣዬ ተሸክፏል። ኮምቦልቻ ስገባ ሰዎች «አረብ አገር ምን ሠራህ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሳልሄድ ላስቀምጠው፦

የመስጊድ አዛን አጥርቻለሁ።

እንግሊዝኛ ሳላውቅ የእንግሊዝኛ መመሪያ አንብቤ መሣሪያ ገጥሜአለሁ። ፈትቼውማለሁ፤ መፍታቱ ከመግጠሙ ይከብዳል።

ከሽቦው የሰማሁትን የሴት ልጅ ወሬ አንድም ቀን ከክፍሌ አላወጣሁም። ጉንፋን የያዛትን የጁበይል ልጅ እዚህ የጠቀስኩት ስሟን ስላልተናገርኩ ነው፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት አሉ።

ሦስት ልጅ አስተምሬአለሁ፤ አንዱ ኢንጂነር ነው፣ ከእኔ ግን አይበልጥም።

ኡስታዝ ኢድሪስን በየሻይ ቤቱ ሳማ የኖርኩትን ትቼ፣ አሁን በየሻይ ቤቱ አመሰግናቸዋለሁ። ይህም ሥራ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብቻለሁ፤ ከኮምቦልቻ ሌላ ማን አስገባ?

ስለ ኢክራም አፍ ለፈታኞቹ አልተናገርኩም። ራሷ ነች የተናገረችው። ትንፋሿን ያደረስኩላት ግን እኔ ነኝ።